አፍንጫዬን ሲሠሩልኝ መተንፈሻዬ እንዳይዘጋ

ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። አልቢኒዝም አለብኝ። ቆዳዬ ነጭ ነው፣ ጸጉሬ የገለባ ቀለም አለው፣ ዓይኔ ፀሐይ አይችልም። ልጅ ሆኜ የሰፈር ልጆች «ፈረንጇ!» እያሉ ይከተሉኝ ነበር። ያኔ ፀሐይ ትጎዳሻለች ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ መሞቅ የሁሉም ሰው ወግ ነበር። ከተማዋ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህን የሰማሁት ከ30 ዓመት በኋላ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ የቆዳ ሐኪም ፊት ተቀምጬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በቀኝ የአፍንጫዬ ክንፍ ላይ ነው። ክንፍ የምለው ቀዳዳውን ከውጭ የሚሸፍነውን ሥጋ ነው። የምስር ፍሬ የምታክል ነገር ወጣችብኝ። ቅርፊት ትይዛለች፣ ትደማለች፣ የዳነች ትመስላለች፣ መልሳ ትቆስላለች። ምች ነው ብዬ ጓደኛዬ በረንዳዋ ላይ የምታበቅለውን ዳማከሴ አሸሁበት። ቫዝሊን ቀባሁ። ስምንት ወር እንዲህ ስል ከረምኩ። በመጨረሻ ልጄ «ማሚ፣ ይቺ ነገር እኮ አልዳነችም» ብላ ቀጠሮ አስያዘችልኝ። ከቁስሏ ቆንጥረው መረመሩ፣ ባዮፕሲ ይሉታል። ውጤቱ ባዛል ሴል ካርሲኖማ ነው አለ። በእኛ አነጋገር ያው የቆዳ ካንሰር። ይህኛው ዓይነት ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚዛመተው ከስንት አንዴ ነው። የያዘውን ቦታ ግን እየበላ ይሰፋል።

ስለ ካንሰሩ እዚህ ላይ ላብቃ። እኔ መጻፍ የፈለግኩት አስቀድሞ ማንም ስላልነገረኝ ነገር ነው። ካንሰሩ ከወጣ በኋላ በተረፈው አፍንጫ እንዴት ነው የምተነፍሰው?

ያወጡልኝ ሞስ በሚባለው ዘዴ ነው። ስሙ የመጣው በ1930ዎቹ ዊስኮንሲን ውስጥ ከጀመሩት ከዶክተር ፍሬድሪክ ሞስ ነው። ቦታውን ብቻ ያደነዝዙና ስስ ሽፋን ይቆርጣሉ። አፍንጫህ ታሽጎ መጠበቂያ ክፍል ትቀመጣለህ። እነሱ ደግሞ የተቆረጠውን ጠርዙን በሙሉ በማይክሮስኮፕ ያያሉ። የቀረ ካለ፣ የቀረበትን ጥግ ብቻ እንደገና ይቆርጣሉ። ጤነኛውን ሥጋ ስለሚቆጥብ ለፊት የሚመረጠው ለዚህ ነው። የእኔ ሦስት ዙር ፈጀ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብቼ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ።

በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዙር መካከል አጠገቤ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ተቀምጠው ነበር። የዚያን ቀን የመጡት ለጆሯቸው ነው። አፍንጫቸውን ግን ከዓመታት በፊት በዚሁ በሽታ ተሠርተዋል። ጠባሳው ተፈልጎ ነው የሚገኘው። «ጥሩ አድርገው ሠርተውልዎታል» አልኳቸው። ሳቅ አሉና «እስቲ እይኝ» ብለው አፋቸውን ገጥመው አየር ሳቡ። የግራ ቀዳዳቸው እንደ እርጥብ ፌስታል ልጥፍ ብሎ ተዘጋ። «ፎቶ ላይ እንከን የለኝም» አሉ። «ማታ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አፌን ከፍቼ ነው የተኛሁት።»

ከሦስተኛው ዙር በኋላ ሐኪሙ «ንጹሕ ነው፣ ካንሰሩ ወጥቷል» ብሎ መስታወት ሰጠኝ። አየሁት። የአሜሪካ 25 ሳንቲም የሚሸፍነው የሚያክል ጉድጓድ ነው። የቀዳዳዬ ጠርዝ ራሱ የለም። ሁለት ምርጫ አለ አለኝ። አንዱ ከጆሮዬ አካባቢ ቆዳ ወስዶ ዛሬውኑ መድፈን ነው። ሌላው ፊት መልሶ ወደሚሠራ ቀዶ ሐኪም መላክ ነው። ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ ፊቴ ደንዝዟል። «ዛሬውኑ ይለቅ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የሽማግሌው አፍንጫ ትዝ አለኝ።

«መተንፈሱስ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። በቆዳ ብቻ ከደፈነው ጠርዙ እየዳነ ሲሄድ ወደ ላይ ሊሰበሰብ እንደሚችል፣ አየር ስስብም ወደ ውስጥ ሊጠባ እንደሚችል ነገረኝ። ደጋፊ ነገር የሚያስገባ ሰው ቢሠራው እንደሚሻልም አመነ። ሰውየው ደግ ነው፣ እጁም ጥሩ ነው፣ አልወቅሰውም። ግን ጥያቄው ጥሩ ከሆነ እኔ እስክጠይቅ ለምን ተጠበቀ?

አፍንጫዬ በፋሻ ታሽጎ ቤቴ ገባሁ። ቁስሉ ጥቂት ቀን ክፍት ቢቆይ ችግር የለውም፣ ለሳምንታት ከተተወ ግን ራሱን እየሰበሰበ ይሄዳል ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛዋን ሐኪም አገኘሁ። የፊት ፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪም ናት።

አስተርጓሚ ጠየቅኩ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል። የምሠራው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። የሰውነት ነገር ሲመጣ ግን ቋንቋው ይጠፋብኛል። አሜሪካ ያላችሁ ይህን ያዙልኝ፦ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። ልጄ የእናቷን ፊት እንዴት እንደሚቆራርጡት ቃል በቃል ልትነግረኝ አይገባም። በስልክ የቀረቡት ሰውዬ አማርኛቸው ውብ ነበር። ሐኪሟ «ቫልቭ» ስትል ግን ዝም አሉ። ከዚያ «ይቅርታ እህቴ፣ የቧንቧ መክፈቻና መዝጊያ ማለት ነው። አፍንጫ ላይ ምን እንደሚሠራ ግን ለእኔም አልገባኝም» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን። ሐኪሟ በእጇ ስላ አስረዳችንና «የአፍንጫ በር» እንበለው ተባባልን። እኔ ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ነው የምጠራው።

በሩ ሁለት ነው። አንዱ ከውጭ የምናየው ቀዳዳ ከነክንፉ ነው። ሁለተኛው ከአንድ ሳንቲሜትር ትንሽ ገባ ብሎ ነው ያለው። ከአፍንጫ የአየር መንገድ ሁሉ ጠባቡ እሱ ነው። እዚያ ላይ ትንሽ ከጠበበ ትንፋሽ በጣም ያንሳል። አየር በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ይፈጥናል። ሲፈጥን ደግሞ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይስባል። ግድግዳው ጠንካራ ከሆነ ይቋቋማል፣ ልፍስፍስ ከሆነ ይዘጋል። ሽማግሌው ያሳዩኝ ይህንን ነው።

ሐኪሟ ቁስሉን ከማየቷ በፊት ጤነኛውን ጎን ነው የመረመረችው። ይህ ገረመኝ። ግራ ቀዳዳዬን ብቻ አስተነፈሰችኝ። ጉንጬን በሁለት ጣቷ ወደ ጎን ሳብ አድርጋ «አሁንስ? ቀለለሽ?» አለችኝ። በመብራት ወደ ውስጥ አየች። ታንኮራፊያለሽ ወይ? አለርጂ አለብሽ? ተመተሽ ታውቂያለሽ? አለች። ለካ የአፍንጫዬ መሐል ግድግዳ ወደ ግራ ዘመም ያለ ነው። ዕድሜ ልኬን በአብዛኛው ስተነፍስ የኖርኩት በቀኙ ነበር፣ ካንሰሩ በበላው። ይህን ሳያዩ ቀኙን በቆዳ ደፍነውት ቢሆን ኖሮ ብዬ አሁንም አንዳንዴ አስባለሁ።

አፍንጫ እንዴት እንደሚሠራ ስትነግረኝ በሐሳቤ የአያቴ ጭቃ ቤት መጣብኝ። ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይገባዋል። ማገር ሳይኖር ጭቃ ብቻ ብትለጥፍ አይቆምም። አፍንጫም ሦስት ነገር ነው። ከውስጥ እርጥቡ ሽፋን፣ ከመሐል ልም አጥንቱ (እንደ ጆሮ የሚተጣጠፈው)፣ ከላይ ቆዳው። የጎደለውን እያንዳንዱን መተካት ያስፈልጋል። የውስጡ ሽፋን ካልተተካ ቁስሉ ጠባሳ እየሆነ ቀዳዳውን ያጠባል። መሐሉ ካልተተካ አየር ሲሳብ ወደ ውስጥ ይጠባል። ላዩ በጣም ከወፈረ ደግሞ ራሱ መንገድ ይዘጋል።

ያልጠበቅኩት ነገር ይህ ነበር፦ የአፍንጫ ክንፍ ታችኛው ክፍል ላይ በተፈጥሮ ልም አጥንት የለም። ሥጋና ጅማት መሰል ነገር ነው። «ታዲያ ለምን ታስገቢያለሽ?» አልኳት። አዲስ የመጣ ቆዳ የተፈጥሮውን ያህል ጥንካሬ የለውም፣ ጠባሳም ይስበዋል አለችኝ። ስለዚህ አምላክ ያላስቀመጠበት ቦታ ላይ እኛ እናስቀምጣለን። ልም አጥንቱ የመጣው ከጆሮዬ ጎድጓዳ ነው። ጆሮዬ ቅርጹ አልተቀየረም፣ ከኋላ ትንሽ ጠባሳ ብቻ ነው ያለው። ለሁለት ሳምንት ግን ከአፍንጫዬ የበለጠ ያመመኝ ጆሮዬ ነበር። በዚያ ጎን መተኛት አይቻልም።

ላዩን ቆዳ ከግንባሬ ነው ያመጣችው። ከቅንድብ ውስጠኛ ጫፍ በላይ የሚወጣ የደም ሥር አለ። ቆዳውን ከዚያ ሥር ሳይለዩ ከግንባር አንስተው፣ አዙረው አፍንጫ ላይ ይሰፉታል። ግንባርና አፍንጫን የሚያገናኝ የሥጋ ድልድይ ለሳምንታት ፊት ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ቤት ውስጥ «ኩምቢው» አልነው። ዘዴው ጥንታዊ ነው። ሕንዶች ለብዙ ዘመን ሲሠሩበት የኖሩ ሲሆን በ1794 እ.ኤ.አ. አንድ የለንደን መጽሔት ስለጻፈው አውሮፓ ውስጥ ታወቀ። አልቢኒዝም ላለብን አንድ ነገር ልጨምር፦ ግንባራችንም ፀሐይ የበላው ነው። ሐኪሟ የግንባሬን ቆዳ ከማንሳቷ በፊት ሌላ አጠራጣሪ ነገር እንዳለበት ጥንቅቅ አድርጋ አየችው። እሷ ባታደርገው ኖሮ መጠየቅ ነበረብኝ።

ኢንሹራንሱ መጀመሪያ «ለውበት ነው» ብሎ አልከፍልም አለ። ሐኪሟ ከካንሰር በኋላ የሚደረግ መልሶ ግንባታ መሆኑን፣ መተንፈሻውም ካልተደገፈ እንደሚዘጋ ጽፋ ስትልክ ተቀበለ። ወረቀታችሁ ላይ «መተንፈስ» የሚለው ቃል መኖሩን እዩ።

የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና በአምስተኛው ቀን በሙሉ ማደንዘዣ ተደረገልኝ። ስነቃ ቀኝ አፍንጫዬ ውስጥ ማሸጊያ አለ። ግራው ደግሞ ራሱ አብጦ ተደፍኗል። በአፍ ብቻ መተንፈስ ምን እንደሆነ ያየሁት እነዚያን አምስት ቀናት ነው። ምላሴ ቁርበት ሆነ። ጉሮሮዬ ተሰነጣጠቀ። ሦስት ትራስ ደርድሬ ቁጭ ብዬ ነው የተኛሁት። አልጋው አጠገብ እንፋሎት የሚነፋ ማሽን ነበረን፣ በእሱ ነው የተረፍኩት። አጥሚት እየጠጣሁ ሰነበትኩ። መጉረስና መተንፈስ አንድ ላይ አይሄድም። ስታኝክ ትንፋሽ ያጥርሃል፣ ትንፋሽ ስትስብ ደግሞ ምግቡ ይጠብቅሃል።

ማሸጊያው ሲወጣ መጀመሪያ ምን ሸተተኝ? ቡና እንድል ትጠብቁ ይሆናል። የሐኪሟ የላስቲክ ጓንት ነው። ደስ አለኝ ግን።

ከዚያ በቦታው ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ ገባ። ስቴንት ይሉታል። ሥራው ቀዳዳው እየዳነ እንዳይጠብ ከውስጥ ደግፎ መያዝ ነው። በቀን ብዙ ጊዜ የጨው ውኃ እረጭ ነበር፣ አለዚያ ደም ደርቆ ቱቦውን ይደፍነዋል። አፍንጫ መናፈጥ ለሦስት ሳምንት ክልክል ነው። ማስነጠስ ከመጣ አፍ ከፍቶ ነው። ስለዚህ ቤታችን በርበሬ የሚቁላላው እኔ መኝታ ቤት ገብቼ በር ከተዘጋ በኋላ ሆነ። ሲጋራም ሺሻም የሚያጨስ ካለ ደግሞ አስቀድሞ ይተው። ኒኮቲን የደም ሥር ያጠባል። ኩምቢው የሚኖረው ደግሞ በአንዲት የደም ሥር ነው።

አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ። ግራው አፍንጫዬ ሲደፈንብኝ ፋርማሲ ሄጄ ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን የአፍንጫ መክፈቻ ስፕሬይ ገዛሁ። ወዲያው ከፈተው። በደስታ አንድ ሳምንት ተጠቀምኩበት። ለካ ከሦስት ቀን በላይ ከተጠቀሙበት መልሶ ይባስ ይደፍናል። ሐኪሟ ስትሰማ ተቆጣች፣ ያለ እሷ ፈቃድ ምንም እንዳልረጭ አስማለችኝ። የጨው ውኃው ግን ሱስ አያስይዝም፣ እሱን እንደልብ።

ማንም ያላሰበው ችግር መነጽር ነው። እኔ ያለ መነጽር ሩቁን አላይም። ኩምቢው ደግሞ መነጽር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው ያለፈው። ለስድስት ሳምንት መነጽሬን እንደ አጉሊ በእጄ ይዤ ኖርኩ። አውቶቡስ ቁጥር ማንበብ ስለማልችል ብቻዬን አልወጣሁም። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ይህን ከቀዶ ጥገናው በፊት አስቡበት።

እናቴ በየቀኑ ትደውላለች። ካንሰር የሚለውን ቃል አልነገርኳትም፣ «የአፍንጫ ቁስል» ነው ያልኳት። «ልጄ፣ እምነቱን ቀቢው እንጂ» ትለኛለች። ከጻድቃኔ ማርያም ያመጣችውን በሰው እጅ ልካልኝ ነበር። ሐኪሟን ጠየቅኳት። ቁስሉ ላይ አይሆንም፣ ከቁስሉ ከራቀ ምንም አይደለም አለች። ክንዴን ቀባሁ። «ቀባሁ እማዬ» አልኳት፣ አልዋሸሁም። ጠያቂው ሁሉ ቤት ሲመጣ ደግሞ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ጭሱ የሚያደርቀው አፍንጫዬን ነው። አንድ ቀን ቆርጬ «ዕጣኑ ይቅርብኝ» ስል የሰፈሩ ሴቶች ተያዩ። ካንሰሩን ብነግራቸው ይቀል ነበር መሰለኝ።

ኩምቢው በሁለት ደረጃም ይሠራል፣ በሦስትም። በሁለት ከሆነ በሦስተኛው ሳምንት ይቆረጣል፣ ቶሎ ያልቃል። ሐኪሟ የመረጠችልኝ ሦስቱን ነው። በሦስተኛው ሳምንት ቆዳውን እንደገና ገልጣ ከሥሩ ስቡን አሳሳችው፣ ልም አጥንቱንም አስተካከለች። የተቆረጠው በስድስተኛው ሳምንት ነው። ሦስት ሳምንት መጨመሩ አናዶኝ ነበር። ግን የግንባር ቆዳ ወፍራም ነው። ሳይሳሳ ቢቀር ቀዳዳዬን ከላይ ተጭኖ ያጠበው ነበር። ምርጫ ከሰጧችሁ «የትኛው ለመተንፈሻዬ ይሻላል?» በሉ። ሁሉም ሰው ሦስት አያስፈልገውም፣ መልሱ እንደ ጉድጓዱ ነው።

ድልድዩ ሲቆረጥ ሁሉም ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም። በሦስተኛው ወር ቀዳዳው መጥበብ ጀመረ። ጠባሳ ከውጭ ሲያምር ከውስጥ ይሰበስባል። ለአምስት ወር ማታ ማታ ስቴንቱን አድርጌ ተኛሁ። ያሳክካል፣ አንዳንዴ እንቅልፍ ላይ ወልቆ ትራሱ ሥር ይገኛል። በስምንተኛው ወር ከውስጥ የወፈረውን በትንሽ ቀዶ ጥገና ቀነሰችልኝ። ያኔ ነው በእውነት የተከፈተው።

ቤት ውስጥ ራሴን የምፈትነው በመስታወት ነው። ቀዝቃዛ መስታወት ከአፍንጫዬ በታች እይዝና በቀስታ እተነፍሳለሁ። ሁለት የጉም ክብ ይወጣል። ማስታወሻ ደብተር ላይ የትኛው እንደሚበልጥ እጽፍ ነበር። የሐኪም ምርመራ አይተካም፣ ግን «እየተሻለሽ ነው?» ስትለኝ በግምት አልመለስኩም። ከሁለት ዓመት በኋላ ዛሬ ቀኙ ከበፊቱ ትንሽ ያንሳል። ደረጃ ስወጣ አይጠባም። ማታ አፌ ተገጥሞ ነው የምተኛው። ከውጭ ደግሞ ልብ ብሎ ያየ ሰው ያውቅብኛል፣ ክንፉ ከግራው ወፈር ይላል። ይህን አስቀድማ ነግራኝ ነበር። ደጋፊ ሲገባበት ይወፍራል፣ ቅጥነት ከፈለግሽ ከትንፋሹ ላይ ነው የሚቀነሰው አለችኝ። ምርጫው ለእኔ ግልጽ ነበር። ለሌላ ሰው ላይሆን ይችላል።

ባለፈው አንዲት እንደ እኔ አልቢኒዝም ያለባት ልጅ ከአገር ቤት ደወለችልኝ። አፍንጫዋ ላይ ቁስል አለ። መጀመሪያ የነገርኳት ዳማከሴውን ትታ የቆዳ ሐኪም እንድታይ ነው፤ አዲስ አበባ ላለ ሰው አለርት ሆስፒታል ለቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ሞስ በማይገኝበት ቦታ ካንሰሩ በተለመደው መንገድ ይቆረጣል፣ ጠርዙ ንጹሕ መሆኑን የላቦራቶሪ ውጤት ነው የሚናገረው። ስለዚህ ትልቁን ስፌት ከመስፋታቸው በፊት ውጤቱን ይጠብቁ እንደሆነ ጠይቂ አልኳት። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ካንሰር ቀርቷል ቢባል የግንባርሽን ቆዳ በከንቱ ጨረስሽ ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ቀዳዳዬን ምን ይደግፈዋል፣ ከውስጥ ምን ይሸፍነዋል፣ ስቴንት ይኖረኛል ወይ፣ እነዚህን በወረቀት ጻፊና ያዥ አልኳት። የጻፈችውን በቴሌግራም ላከችልኝ። አራተኛ ጥያቄ ራሷ ጨምራለች፦ «መነጽሬንስ?»

እኔ አሁን ሰፊ ቆብ ሳላደርግ ደጅ አልወጣም፣ በየስድስት ወሩ እታያለሁ። ሌላው የቀረኝ ጣጣ ጸጉር ነው። ግንባሬ አጭር ስለሆነ ከጸጉሬ ጥግ ያለው ቆዳ አብሮ መጥቷል። አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ሦስት ነጫጭ ጸጉሮች ይበቅላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ በወረንጦ ትነቅልልኛለች።